በማስቲሽ የተለጠፈችው ጥርስ

ሶፋ ሠሪው በአፉ ሃያ ሚስማር ይይዛል። ሃያ ነው፤ አሥራ ዘጠኝም ሃያ አንድም አይደለም። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ፣ «ቆጥረህ አፍህ ትከታለህ፣ ቆጥረህ ታወጣለህ፤ ቁጥሩ ካልገጠመልህ ከወንበሩ ፊት እንዳትነሳ» ብለው ነበር ያሰናበቱት፤ እሱም ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይገጥምለት ተነስቶ አያውቅም። ሚስማሮቹ አጫጭርና ራሰ ሰፊ ናቸው። ምላሱ አንዱን ከሌሎቹ ነጥሎ፣ አገላብጦ፣ ራሱን አስቀድሞ ወደ ከንፈሩ ያቀርበዋል። ጫፉ ላይ ማግኔት ያለው መዶሻ ከከንፈሩ ለቀም ያደርገውና ጨርቁ ላይ ይመታዋል። ለቀም፣ ጠቅ። ለቀም፣ ጠቅ። አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ሰው ጉሮሮውን ይይዛል፤ እሱ ግን በዚያው አፉ ያንጎራጉራል። ሠፈሩ በሙሉ «አፈ ሚስማር» ይለዋል፤ እኛም ከሠፈሩ አንለይም።

ታዲያ አፈ ሚስማር የማይፈራው ነገር ቢኖር ሚስማር ብቻ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ውሻ ይፈራል። መብረቅ ይፈራል። የሐኪም ቤት ሽታ ከሩቅ ሲሸተው መንገድ ተሻግሮ በማዶ ይሄዳል። ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን ልጁን ማስከፋት ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ወንዱም ያው ነው። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት ያለችው። ያቺ አንዲት ልጁ ደግሞ፣ በዓለም ላይ ሌላ ሥራ የጠፋ ይመስል፣ የጥርስ ሐኪም ሆና አረፈችው።

ከአራት ወር በፊት የቀኝ መንጋጋ ጥርሱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጅቱ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር፤ ክሊኒኩ የቀጠራት ለስድስት ወር በሙከራ ነው። «አባዬ፣ አይነቀልም። እሞርደውና ሽፋን አለብሰዋለሁ» አለችው። ሽፋን ማለት የተሞረደው ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ፣ ጥርስ የሚመስል ነገር ነው። ብቻዋን ስትሠራ የመጀመሪያዋ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ የቆመው የክሊኒኩ ኃላፊም ያውቃል።

ሽፋኗን ባለበሰችው ቀን፣ ቀጭን ሰማያዊ ወረቀት በጥርሶቹ መካከል አስገብታ፣ «ንከስ አባዬ። አሁን ደግሞ ፈጭ ፈጭ አድርግ» አለችው። ወረቀቱ የሚነካውን ቦታ ያቀልማል፤ ቀለሙ ከበዛ ጥርሷ ከፍ ብላለች ማለት ነው። አፉን ከፍታ ስታይ ሽፋኗ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ነጥብ አርፏል።

«ከፍ ያለች ይመስለኛል» አለች። «አንተ ምን ይሰማሃል?»

ከፍ ብላለች። ሃያ ሚስማር እየነጠለ የሚቆጥር ምላስ ይህን ይስታል? ግማሽ መንጋጋው ደንዝዞ እንኳ፣ አንድ የሚስማር ራስ በላይና በታች ጥርሱ መካከል ተረስቶ የቀረ ያህል ተሰምቶታል። ግን ቀና ሲል የልጁን እጅ አየ፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ኃላፊው ከበሩ አልተነቃነቀም። አፈ ሚስማር የራሱ የመጀመሪያ ወንበር ትዝ አለው፤ ደንበኛው አስተማሪው ፊት ቁጭ ብሎ፣ ብድግ ብሎ፣ «ይቆረቁራል» ሲል የወጋው ነገር እስከ ዛሬ ከሆዱ አልወጣም።

«ልክ ናት ልጄ» አለ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ልክክ ብላለች።»

«እርግጠኛ ነህ? ወረቀቱ እኮ ብዙ ቀለም…»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ምላሴን እመኚ።»

ሳቀች። ኃላፊውም ፈገግ ብሎ ሄደ። ለምንስ አታምነው? ያ ምላስ ሚስማር ከሚስማር ሲለይ እያየች ነው ያደገችው። ወረቀቱን ጣለችና አሰናበተችው።

ከዚያ በኋላ ያለው አራት ወር የግራ መንጋጋው ወር ነው። በቀኝ በኩል ውሃ እንኳ አያሳልፍም ነበር። አንዳንዴ ረስቶ ሲያኝክ ሕመሙ ከጥርሱ ተነስቶ ጆሮው ውስጥ ይጮሃል፤ እሱ ግን ጆሮውን ይጠራርጋል። እሑድ እሑድ ልጅቱ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ጥርሷ ነው።

«እንዴት ናት ጥርሴ?»

«ማን? እሷማ ጭራሽ ረስቻታለሁ!»

አንድ እሑድ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ምግቡን በማንኪያ ስታንቀሳቅስ ቆየችና፣ «ሽፋን ያለበስኳቸው ሰዎች እየተመለሱ ከፍ ይልብናል ይሉኛል። ኃላፊውም ጠርቶ ጠየቀኝ» አለች። አፈ ሚስማር መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። ተናገረም፤ ግን ምን አለ? «ሰው ማማረር ይወዳል። ይለምዱታል።» እሷም ትንሽ ቀለል አላትና፣ «እውነትህን ነው፤ አንተ እንኳ በሁለት ቀን ለምደኸዋል» ብላ መብላት ጀመረች። እሱ ደግሞ ያን ቀን በግራም አላኘከ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሽፋኗ ጨርሳ ለቀቀች። ቁርሱን ሲበላ ከዳቦው ጋር እጁ ላይ ወጣች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን አባባል ራሱ ስንቴ ለሰው ተርቶታል። ያን ጠዋት ግን ጥርሷን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ልጁ ክሊኒክ በመሄድ ፈንታ ወደ ሥራው ሄደ። እዚያ የሆነውን ከሶፋ ሠሪ በቀር ማንም አያስበውም። የሶፋ ማስቲሹን ከፈተና በክብሪት እንጨት ጫፍ የሽፋኗን ሆድ ስስ አድርጎ ቀባ። የተሞረደውን ጥርሱንም ቀባ። ማስቲሽ ወዲያው አይጣበቅም፤ ሁለቱም ወገን ተቀብቶ፣ ትንሽ እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ ከዚያ ነው የሚጫነው። ስለዚህ የወፍ ጫጩት ይመስል አፉን በልቅጦ መስታወት ፊት አሥር ደቂቃ ተቀመጠ።

ግቢውን የሚጋራው አናጢ መጥቶ አየው።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

አፈ ሚስማር አፉን ሳይገጥም በእጁ ወደ ጥርሱ ጠቆመ፣ ወደ ማስቲሹም ጠቆመ።

«በሶፋ ማስቲሽ?» አለ አናጢው። «አብደሃል እንዴ?»

ጥርሷን ተጭኖ ከጨረሰ በኋላ መለሰለት። «ሶፋ ላይ አሥር ዓመት ይይዛል።»

«ሶፋ ምራቅ አለው?»

ማስቲሹ የያዘው ለአራት ቀን ነው። ከዚያ በየአራት ቀኑ መቀባት ሆነ፤ ቆይቶ በየሁለት ቀኑ። ጥርሷ ዘወትር ትወዛወዛለች፣ ድዱ አብጧል፣ ምላሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሷን ሲጠብቅ ይውላል።

እንዲህ እያለ ያ የማክሰኞ ጠዋት ደረሰ። አፈ ሚስማር የአንድ ትልቅ ወንበር ክንድ እያለበሰ ነበር፤ አሥራ አንድ ሚስማር መትቷል፣ ዘጠኝ አፉ ውስጥ ቀርቷል። ከግድግዳው ባሻገር አናጢው የመጋዝ ማሽኑን አስነስቶ ጣውላ ሲገፋ ጣውላው ውስጥ የተቀበረ ብረት ኖሮ መጋዙ ጮኸ። የሰው ጩኸት ነበር የሚመስለው። አፈ ሚስማር ደነገጠና አየር ሳበ። ጥርሷ ስትላቀቅ ተሰማው፤ ሚስማሮቹ መካከል ስትገባም ተሰማው። ከዚያ አንድ ነገር በምላሱ ሥር ሾልኮ፣ ጉሮሮውን ጭሮ፣ ወደ ታች ወረደ።

ያለውን ሁሉ መዳፉ ላይ ተፋ። ቆጠረ። ስምንት። ደግሞ ቆጠረ፤ ስምንት። ጥርሷ የለችም። ስፖንጅ ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። አሥራ አንድና ስምንት አሥራ ዘጠኝ ነው። አንድ ሚስማር ጎድሏል፣ አንድ ጥርስ ጎድሏል፣ እና አንድ ነገር ወርዷል። የትኛው? ምናልባትም ሁለቱም። ሚስማር አንጀት ሲበሳ ምን ይመስል ይሆን ብሎ ሲያስብ፣ ሳል ያዘው። ተራ ሳል አልነበረም፤ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያም ጠቆረ። ነፍሱ በአፍንጫው ልትወጣ ስትል አናጢው ማሽኑን ትቶ ሮጦ መጣና ጀርባውን በመዳፉ ደለቀው። ሳሉ ቀስ በቀስ በረደ። አሁንም ምንም አልወጣም።

«ምን ዋጥክ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አለና እንባው መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት!

አናጢው ማግኔት ያለውን መዶሻ ይዞ በየወንበሩ ሥር ዳበሰ። ሚስማሯ ተገኘች፤ ወንበሩ ሥር ካለው የሽቦ ሞላ ላይ ተንጠልጥላለች። አፈ ሚስማር ፈጣሪውን አመሰገነ። ማግኔት ግን ጥርስ አይለቅምም፤ ስለዚህ ሁለት ሽበታም ሰዎች ወለሉን ጠርገው ሰጋቱራውን ሁሉ በወንፊት ነፉት። ጥርሷ አልነበረችም።

«በቃ ሆድህ ገብታለች» አለ አናጢው። «በገባችበት ባትወጣም መውጫ አታጣም። ሁለት ቀን ጠብቅ። አሁን ግን ሂድና ለልጅህ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«ወለቀች በላ!»

«ለምን ወለቀች ስትለኝስ?»

አናጢው ማስቲሹን አየና ወንፊቱን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጥርሷ ግን ሁለት ቀን ተጠብቃም መውጫዋን አላገኘችም። አፈ ሚስማር በግራ ጎኑ ጋደም ሲል ደህና ነው፤ በቀኝ ጎኑ ጋደም ሲል ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ያፏጫል። አየር ሲስብ ፊው፣ ሲያወጣ ፊው። ሚስቱ ምሳ ከበላ በኋላ ጎኑን ሲያሳርፍ ሰማችው።

«ምንድነው እሱ የሚያፏጨው?»

«አቧራ ነው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስትጠጣው የኖርከው አቧራ ዛሬ ነው የተጣላህ?»

ከዚያ ወዲህ በቀኝ ጎኑ አልተኛም፤ እሷ አጠገቡ ስትሆን ትንፋሹን እየቆጠበ ይተነፍሳል፤ ሌባ እንኳ በሰው ቤት እንዲህ አይጠነቀቅም። ብቻውን ሲሆን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ሆድ ውስጥ ያለ ነገር አያፏጭም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እሱም አውቆታል። አውቆ ዝም አለ። ፍርሃቱ ሁለት ነበርና አንዱ ሌላውን አፉን ያዘው፤ ሐኪም ቤት ካልሄደ ይሞታል፣ ከሄደ ልጁ ትሰማለች።

ዓርብ ጠዋት ትኩሳቱ ተነሳ፤ ከሳሉ ጋር የሚወጣውም መሽተት ጀመረ። ሚስቱ ኮቱን አለበሰችውና ክንዱን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ከሐኪም ቤቱ አጥር ሲደርሱ እግሩ ቆመ።

«አልገባም» አለ።

«ለምን?»

«ጥርሴን ውጫለሁ።»

መኪና ጥሩምባ እስኪነፋባት ድረስ መሃል መንገድ ላይ አፏን ከፍታ አየችው። «የቷን ጥርስ? ልጅቱ የሠራቻትን?» ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሚስቱ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እየጎተተች አስገባችው።

ራጅ አነሱት። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሲለጥፈው አፈ ሚስማር የራሱን የጎድን አጥንት ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ እሱ ብቻውን በቂ አስፈሪ ነው። ከአጥንቶቹ መካከል፣ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ፣ አንድ ነጭ ነገር በርቷል። ቅርጿ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መንጋጋ ጥርስ ናት። ደረቱ ውስጥ ሌላ ሰው አፉን ከፍቶ የተቀመጠ መሰለውና ዓይኑን ጨፈነ።

«ሆድዎ ውስጥ አይደለችም፤ ሳንባዎ ውስጥ ናት» አለ ሐኪሙ። «አንዷን የአየር ቧንቧ ዘግታለች፣ ከኋላዋ መመገል ጀምሯል። ዛሬውኑ መውጣት አለባት። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍዎ አስገብተን እንይዛታለን።»

«ባትያዝስ?» አለች ሚስቱ።

«ባትያዝ ደረት መክፈት ሊመጣ ይችላል።»

አፈ ሚስማርን ላብ አጠመቀው። ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሰም። «ይህችን ጥርስ ማን ነው የሠራት? ከምን እንደተሠራች፣ ስለት ያለው ጠርዝ ይኑራት አይኑራት መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ በምን እንደምይዛት ማወቅ አለብኝ።»

«አላስታውስም» አለ አፈ ሚስማር ፈጠን ብሎ።

«ልጃችን ናት!» አለች ሚስቱ፤ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«ጎበዝ፤ በምን እንዳጣበቀቻትም ትነግረኛለች» አለ ሐኪሙ። «በአራት ወሯ የምትወልቅ ጥርስ…» ቀሪውን ራሱን ግራና ቀኝ በመነቅነቅ ጨረሰው።

ይህን ጊዜ ነው አፈ ሚስማርን እውነተኛው ፍርሃት የያዘው። ጥርሷ ስትወጣ ሆዷ ውስጥ ቢጫ ማስቲሽ አለ። ሐኪሙ ያየዋል። አይቶም ይጽፈዋል፤ የዚህ ክሊኒክ ሐኪም የሰው ጥርስ በሶፋ ማስቲሽ ትለጥፋለች ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ክሊኒኩ ይደርሳል። እሱ ደግሞ ያን ጊዜ ጉሮሮው ቱቦ ጎርሶ፣ ወይም ደረቱ ተከፍቶ፣ ወይም ሞቶ፣ አንድ ቃል ማውጣት አይችልም። ደረቱን እንኳ ረሳው።

ልጅቱ ነጭ ልብሷን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። ራጁን ቆማ አየችው። ለሐኪሙ የጥርሷን ስፋት፣ ቁመት፣ የተሠራችበትን ነገር አንድ በአንድ ነገረችው፤ ድምጿ አልተሰበረም። ሐኪሙ ሊዘጋጅ ሲወጣ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን አየች።

«እኔ ነኝ አባዬ። በደንብ ሳላደርቀው ነው ያጣበቅኩት። ወይም ስሞርድ አበላሽቻለሁ። እገልህ ነበር እኮ!»

«ዝም በዪ» አለ። ሳል አቋረጠው። ሚስቱ ውሃ ልታቀብለው ስትል በእጁ ከለከላት። «አንቺ ያጣበቅሽውማ ከሦስት ሳምንት በፊት ለቋል። ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ የምለጥፈው። በማስቲሽ።»

«በምን?»

«በሶፋ ማስቲሽ።»

ልጅቱ ለመሳቅም ለማልቀስም አፏን ከፈተች፤ ሁለቱም አልመጣላትም። «ለምን አልመጣህም? የሰባት ደቂቃ መንገድ እኮ ነው!»

«ለምን ለቀቀች ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ብዬ። ከፍ ብላ ነበር። ስትመታ ስትመታ ነው የለቀቀችው።»

«መቼ ነው ከፍ ያለችው?»

አፈ ሚስማር ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ልትረዳው አልቻለችም። «ከመጀመሪያው ቀን» አለ። «ንከስ ያልሽኝ ቀን። ወረቀቱ ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አንጀቴ አልችል አለ።»

ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ልጅቱ ወለሉን እያየች እንዲህ አለች፤ «እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱን ማመን ተውኩ አባዬ። ዓይኔ ያጋነናል፣ ወረቀቱ ያጋነናል ብዬ ነው። ነጥቡ ከአንተ ነጥብ ካልበለጠ ልክ ነው እያልኩ አሰናብቻለሁ። ይቆረቁረናል ሲሉኝ፣ አባቴም እንዲህ ነበር፣ በሁለት ቀን ለመደው እላቸዋለሁ።»

«ስንት ሰው ነው?»

«አምስት።»

ስልኳን ከኪሷ አወጣችና እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ሆና መደወል ጀመረች። አፈ ሚስማር ትንፋሹ እያፏጨ አዳመጠ። «ጤና ይስጥልኝ፤ የጥርስ ሐኪሟ ነኝ። ያን ጊዜ ከፍ ብሏል ሲሉኝ ትክክል ነበሩ። ስህተቱ የእኔ ነው። ነገ ጠዋት ይምጡልኝ።» አራት ጊዜ ያንኑ ቃል ደገመችው። አንዱ ሰውዬ ሲቆጣት ድምፁ ከስልኩ አልፎ አልጋው ድረስ ተሰማ፤ እሷ «እሺ፣ እውነትዎን ነው፣ እሺ» ብቻ አለች። አፈ ሚስማር ስልኩን ነጥቆ «የኔ ጥፋት ነው!» ሊል እጁን ዘረጋ፤ ሸሸት አለችበት።

አምስተኛዋ አላነሱም። ደግማ ደወለች፣ ሦስተኛም ደወለች።

«ጡረታ የወጡ ልብስ አጣቢ ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት» አለችና ተነሳች። «ከሁሉም የከፋው ነጥብ የእሳቸው ነበር።»

«አባትሽን እንዲህ ጥለሽ?» አለች እናቷ።

«እሱን የሚያየው ሐኪም አለ እማዬ።»

ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ እስኪጠፋ ድረስ አፈ ሚስማር በሩን አየ። ሚስቱ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል፣ «እንዲህ ያለ አባት ምን ይባላል?» አለችው፤ ብላም ደግሞ እጁን ያዘችው።

ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ከሐኪሙ ቀድሞ ተናገረ። «ዶክተር፣ ጥርሷ ውስጥ ማስቲሽ ያገኛሉ። እኔ ነኝ የቀባሁት። ሳይጀምሩ ይጻፉልኝ።» ሐኪሙ ቀልድ መሰለው። «ይጻፉልኝ!» አለ ደግሞ፤ ሐኪሙም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈለት። ከዚያ ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ መራራ ነገር ነፉበት። ጉሮሮው ሲጠፋ ተሰማው። ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ ለመጮህ ቢፈልግ የሚጮህበት ነገር የለም። መብራት ያለው ቱቦ ወደ ፊቱ መጣ፤ ጥቁርና ረጅም ነው፣ የሚያልቅም አይመስልም።

«ሲያስጨንቅዎት ቀኝ እጅዎን ያንሱ፤ እናቆማለን» አለ ሐኪሙ።

እጁ ተነሳ።

«ገና አልነካሁዎትም እኮ!»

እጁ አልወረደም። ሐኪሙ ቱቦውን ወደ ኋላ መለሰና፣ «ፈርተው ነው?» አለው። አፈ ሚስማር ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠበቀው። ቆይቶ እጁ በራሱ ጊዜ ወረደ።

ሁለት ጊዜ ተይዛ አመለጠች። ሁለት ጊዜ አፈ ሚስማር በሳል ታንቆ የሞተ መሰለው፤ ሁለተኛው ላይ ደረቱን ሲከፍቱት በሐሳቡ አይቶ ጨርሷል። በሦስተኛው አንድ ነገር ጉሮሮውን ጭሮ ወጣና ብረት ሳህን ላይ ቃጭ አለ። አየሩ ገባ፣ ደረቱ እስከ ታች ተሞላ፤ ፉጨቱ የለም። ሳህኑን አሳዩት። ጥርሷ አንድ ጥፍር አታክልም፤ ሆዷ ውስጥ ማስቲሹ እስካሁን ይዟል።

ልጅቱ የተመለሰችው ፀሐይዋ ከመስኮቱ ልትወርድ ስትል ነው። በሩ አጠገብ ቆማ እናቷን በዓይኗ ጠየቀች፤ እናቷ፣ «ወጣችለት» አለቻት። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። አልተቀመጠችም።

«አገኘሻቸው?» አለ አፈ ሚስማር። ድምፁ ሞረድ ብረት ላይ ሲሄድ ይመስላል።

«አገኘኋቸው። ስልኩን ያላነሱት መንጋጋቸው አልከፈት ብሎ መናገር ስለሚያማቸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሾርባና በውሃ የራሰ ዳቦ ነው የሚበሉት። ከስተዋል።» «ለምን አልተመለሱም ስላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ይለምዱታል ስላልሽኝ እስክለምደው እየጠበቅኩ ነው ልጄ› አሉኝ።»

«ይቅር በዪኝ» አለ።

ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረችና፣ «ነገ ለኃላፊው ራሴ እነግረዋለሁ፤ ያቆዩኝ አያቆዩኝ አላውቅም» አለቻት። እናቷ አለቀሰች። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች። ልጅቱ ያን ጊዜ ወደ እሱ ዞረችና፣ «ጉሮሮህን ያምሃል?» አለችው።

ደህና ነኝ የሚለው ቃል፣ ሁልጊዜ እንደሚመጣው፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ውስጥ መለሰው።

«ያመኛል» አለ። «በጣም ያመኛል ልጄ።»

ልጅቱ ፊቱን አየችው። ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አፉን እያፈራረቀች ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረች።

«እህቴ፣ እስቲ አንቺ በመብራት እዪልኝ። እሱ የሚለውን ተዪው።»

አፈ ሚስማር አፉን ከፈተ። ነርሷ መብራቷን አብርታ ጎንበስ ብላ አየች።

«ቆስሏል፣ እብጠትም አለው» አለች። «እውነታቸውን ነው።»

ልጅቱ ይህን ከሰማች በኋላ ወንበሩን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።